ሙዮን ቆጣሪያችን ቀን ቀን ቁጥሩ ይጨምራል፣ ሌሊት ይቀንሳል። ፀሐይ ናት?

ሦስተኛ_ዓመቷ

ሰላም ለሁላችሁም። የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ ከአማካሪዬ ጋር የያዝነው ፕሮጀክት ኮስሚክ ጨረር፣ ማለትም ከጠፈር የሚመጡ ቅንጣቶችን መቁጠር ነው። ሙዮን የምንለው ይህ ጨረር ከላይ ያለውን አየር ሲመታ የሚወለደውን ቅንጣት ነው። ዲቴክተሩን እኔና አንድ የክፍሌ ልጅ ከባዶ ሠራነው። 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ሲንቲሌተር አለ። ሙዮን ሲያልፍበት በጣም ትንሽ ብልጭታ ይሰጣል። ብልጭታውን አንድ ፊቱ ላይ የተለጠፈው ሲሊከን ፎቶመልቲፕላየር ወደ ኤሌክትሪክ ምት ይቀይረዋል። ምቱ በማጉያ ያልፍና አርዱዪኖ የሚባል ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ይቆጥረዋል። ፕላስቲኩን በፎይል ጠቅልለን፣ ከላይ በጥቁር ናስትሮ ደራርበን አሽገነዋል።

የመጀመሪያው ቀን ሲቆጥር ሳይ እንባዬ መጣ። እውነቴን ነው። ከ15 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የተወለደ ነገር እኔ በእጄ የጠቀለልኩት ፕላስቲክ ውስጥ አልፎ "አንድ" ተብሎ ሲመዘገብ ማየት ሌላ ነው።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ። ለስድስት ቀን ሳናጠፋው አስቆጠርነው። ሌሊት በደቂቃ ወደ 60 ይቆጥራል። ጠዋት ይጀምርና ቀስ እያለ ይወጣል፣ እኩለ ቀን ላይ 95 ይደርሳል፣ ማታ ተመልሶ ይወርዳል። ስድስቱም ቀን እንዲሁ ነው። ግራፉ እንደ ማዕበል ያምራል። የክፍሌ ልጅ "ከፀሐይ የሚመጣ ነው፣ ትልቅ ነገር አገኘን" ይላል። እኔም ማመን ፈልጌያለሁ። አማካሪያችን ግራፉን አይተው "ጥሩ፣ እስቲ አፍርሱት" ብለው ሄዱ። ምን ማለታቸው ነው? ከየት ልጀምር?

ትራንዚት

የላቡ መስኮት በየት በኩል ነው? መጀመሪያ ብርሃን እየገባበት እንዳይሆን እዩት።

የቤተ_ሙከራ_ሰው

ልጄ፣ አማካሪሽ የተናገሩት ቀላል ነው። "ግራፉ ውሸት ቢሆን ኖሮ በምን ምክንያት ይሆን ነበር?" ብለሽ አንድ በአንድ ሞክሪው ማለታቸው ነው። ውጤትሽን ለማፍረስ ሞክረሽ እምቢ ካለ ያኔ የራስሽ ነው። እኔ በቤተ ሙከራ ቴክኒሻንነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ቀን ወጥቶ ሌሊት የሚወርድ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ሦስት ቦታ ይፈተሻል፤ ብርሃን፣ ሙቀት፣ ሰው።

ከብርሃኑ ጀምሪ። ፎቶመልቲፕላየሩ የተሠራው ጥቂት የብርሃን ቅንጣቶችን ለማየት ነው። በመርፌ ቀዳዳ የምትገባ የቀን ብርሃን ለእሱ ጎርፍ ናት። ላቡን አጨልሚና የስልክሽን መብራት አብሪ። ዲቴክተሩን ሳትነኪ፣ በየጠርዙና በየማዕዘኑ መብራቱን ቀስ አድርገሽ አዙሪ። አንድ ቦታ ላይ አሥር ሰከንድ ቆዪ፣ ቁጥሩን እዪ፣ ወደሚቀጥለው ሂጂ። በተለይ ገመዱ የሚወጣበትን ቦታ። ናስትሮ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ጥሩ ይይዛል፣ ክብ ገመድ ላይ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ዋሻ ይተዋል። ደግሞ ናስትሮ ሲሞቅ ጫፉ ይነሳል። ዛሬ ያሸግሽው ከሳምንት በኋላ እንደታሸገ ነው ብለሽ እንዳታምኚ።

ቀጥሎ ሙቀት። እዚህ ጋ ነገሩ ትንሽ ይጠላለፋል፣ ምክንያቱም ሙቀት በሁለት ተቃራኒ መንገድ ይሠራል። ሲሞቅ የፎቶመልቲፕላየሩ ማጉላት ይቀንሳል፣ ስለዚህ ደካማ ምቶች ከመቁረጫው (ምት ለመቆጠር ማለፍ ካለበት ዝቅተኛ መጠን) በታች ይቀሩና ቁጥሩ ይወርዳል። በሌላ በኩል ሲሞቅ ያለ ምንም ብርሃን በራሱ የሚተኩሰው የጨለማ ምት ይበዛል። ስምንትና አሥር ዲግሪ ሲጨምር በግምት እጥፍ ይሆናል። መቁረጫሽ ዝቅ ያለ ከሆነ ያ ሁሉ ይቆጠርልሻል። አንድ የሙቀት ዳሳሽ ከዲቴክተሩ ሥር ለጥፊና ከቁጥሩ ጋር አብረሽ መዝግቢ። ዛሬውኑ ጀምሪ፣ ያልተመዘገበ ሙቀት ወደ ኋላ ተመልሶ አይለካም።

ሰው ያልኩት ደግሞ፣ ቀን ላይ ላቡ ውስጥ ሌላ መሣሪያ የሚያበራ ሰው ካለ የኤሌክትሪክ ረብሻው በገመዱ ገብቶ እንደ ምት ሊቆጠር ይችላል።

ሦስተኛ_ዓመቷ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማታውኑ ሄድን።

ላቡን አጨለምን። እሱ ቁጥሩን ያነባል፣ እኔ መብራቱን አዞራለሁ። ሦስቱ ማዕዘን ላይ ምንም የለም። አራተኛው ላይ፣ ልክ እንዳሉት ገመዱ የሚወጣበት ጋ ስደርስ ቁጥሩ ከ60 ወደ 400 ዘለለ። መብራቱን ሳነሳ ተመለሰ። መልሼ ሳስጠጋ መልሶ ዘለለ። ጠጋ ብዬ ሳየው የናስትሮው ጫፍ የጥፍር ያህል ተነስቷል። ከሥሩ ፎይሉ ብልጭ ሲል ይታያል። ስድስት ቀን ሙሉ የቆጠርነው በዚያች ጥፍር የምታህል ክፍተት የሚገባውን የመስኮት ብርሃን ነበር።

የክፍሌ ልጅ በጣም ከፋው። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። "ፀሐይ ናት" ማለታችን ለካ እውነት ነው፣ በሌላ በር ገባች እንጂ።

አማካሪ_መምህርት

እኔም ተማሪ አማክራለሁ፣ ስለዚህ አንድ ነገር ልጨምር። ልጆቹ ያሰቡት ሐሳብ ራሱ ዋጋ አለው። ከመቶ ዓመት በፊት ያው ጥያቄ በትክክል ተጠይቋል። ቪክቶር ሄስ በ1912 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) በባሉን እየወጣ ጨረር ሲለካ፣ ምንጩ ፀሐይ ናት ወይ የሚለውን ለመለየት በሚያዝያ ወር ፀሐይ ስትጋረድ ወጣ። ጨረሩ አልቀነሰም። ስለዚህ ዋናው ምንጭ ፀሐይ አይደለችም አለ። በነሐሴ ደግሞ ከ5,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ጨረሩ ከመሬት ይልቅ እዚያ እንደሚበረታ አየ። በ1936 ኖቤል የተሰጠው በዚህ ነው።

እንዲያውም ፀሐይ በእኛ ቆጠራ ላይ ያላት ተጽዕኖ ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነው። በ11 ዓመት ዑደቷ እንቅስቃሴዋ ሲበረታ ከሩቅ የሚመጣውን ኮስሚክ ጨረር ታግዳለች፣ ስለዚህ እዚህ የሚደርሰው ይቀንሳል። በዚህ ላይ እናንተ ያያችሁት ከ60 ወደ 95 ነው፣ ከግማሽ በላይ ጭማሪ። ሙዮን በቀን ውስጥ እንዲህ አይዘልም። ቁጥሩ ራሱ ይናገር ነበር። ለሚቀጥለው ጊዜ፣ ግራፍ ከማየታችሁ በፊት "ምን ያህል እጠብቃለሁ?" ብላችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። በባሕር ጠለል ከፍታ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር በደቂቃ አንድ ሙዮን ገደማ ያልፋል። የእናንተ 25 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ታዲያ ሌሊት 60 ከየት መጣ?

ሦስተኛ_ዓመቷ

መምህርት፣ ይኼ ጥያቄዎ ሁለት ቀን አስጨነቀኝ። 25 እየጠበቅሁ 60 ሲመጣ ለምን አልገረመኝም? ከየት መጣ ቢሉኝ፣ የግድግዳው ጋማ ጨረር ይመስለኛል። ሲሚንቶ ውስጥ ያለ ፖታሲየም 40፣ የራዶን ልጆች (ራዶን ጋዝ ሲፈርስ የሚተካቸው አተሞች)፣ እንዲህ ያለው። ነጠላ ዲቴክተር ሙዮኑን ከጋማው አይለይም።

አማካሪ_መምህርት

ጎበዝ። መፍትሔውስ?

ሦስተኛ_ዓመቷ

ሁለተኛ ዲቴክተር ሠርቶ ከላይ መደራረብ። ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ከመቱ ብቻ መቁጠር። ሙዮን ሁለቱንም በስቶ ያልፋል፣ ጋማ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ውስጥ ብቻ ነው የሚታየው።

ጥርጣሬ

ልጅቷን ላስከፋት ፈልጌ አይደለም፣ ግን የሚከነክነኝን ልናገር። እኔም ተማሪ እያለሁ እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ሠርቻለሁ። ዓመት ሙሉ ደክሜ መጽሐፍ ላይ ያለውን ቁጥር በባሰ ትክክለኛነት መልሼ አገኘሁት። ሙዮን በደቂቃ ስንት እንደሚወርድ ዓለም ያውቃል። ይኼ ምርምር ይባላል? ዩኒቨርሲቲዎች "የመምህራንና የተማሪዎች ምርምር" ብለው የሚዘረዝሩት ግማሹ የላብ ልምምድ ነው ባይ ነኝ። እውነተኛው ምርምር ትልልቅ ማሽን ያላቸው ጋ ነው።

ላፕቶፕ_ብቻ

ወንድሜ ጥርጣሬ፣ እኔ ማሽን የሚባል ነገር የለኝም። ላፕቶፕ ብቻ ነው ያለኝ። የቁስ ፊዚክስ ስሌት ነው የምሠራው፣ በነፃ በሚወርድ ፕሮግራም፣ ከመምህሬ ጋር።

ያንተን ጥያቄ በራሴ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ ሲሊከን ነበር፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው። የአተሞቹ ርቀት ጥሩ ወጣልኝ፣ 5.47 አንግስትሮም። በልኬት የሚታወቀው 5.43 ነው። የኃይል ክፍተቱ (ኤሌክትሮን ተላቅቆ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ የሚያስፈልገው ኃይል) ግን 0.6 ኤሌክትሮን ቮልት ወጣ። መጽሐፉ 1.1 ይላል። ግማሽ! ሦስት ሳምንት ስህተቴን ፈለግሁ። ግቤቱን ቀየርኩ፣ ነጥቦቹን አበዛሁ፣ እንደገና አስኬድኩ፣ ያው 0.6። መምህሬ ጋ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። "ስህተቱ ያንተ አይደለም፣ የዘዴው ነው። ይህ ዘዴ የኃይል ክፍተትን ዝቅ አድርጎ ነው የሚሰጠው። አሁን ስንት ዝቅ እንደሚያደርግ በእጅህ አውቀኸዋል" አሉኝ።

አሁን ማንም ያልለካውን ቁስ እያሰላሁ ነው። የሚታወቀውን ሳላውቀው ቢሆን ኖሮ የማይታወቀው ላይ የሚወጣልኝን ቁጥር በምን አምነው ነበር? ሲሊከኑ ላይ ያጠፋሁት ጊዜ የእኔ ሚዛን ማስተካከያ ነበር።

አማካሪ_መምህርት

ጥርጣሬ ያነሳው ነጥብ የሚገባ ነው፣ አላልፈውም። ብዙ የተማሪ ፕሮጀክት ልምምድ ሆኖ ይቀራል፣ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን የማሽን ማነስ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ አማካሪው የሚሰጠው ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። "ኮስሚክ ጨረር" ርዕስ ነው። ተማሪው ርዕስ ይዞ ዓመቱን ሙሉ ይዋኛል፣ በመጨረሻ አንድ ቁጥር ይዞ ይወጣል። ጥያቄ ግን መልሱ አዎ ወይም አይደለም፣ ወይም ይህን ያህል ከዚህ ያህል ስህተት ጋር የሚባል ነገር ነው።

ትንሽ ጥያቄ በተማሪ እጅ ምን እንደሠራ እናውቃለን። በ1909 ኧርነስት ማርስደን የ20 ዓመት ተማሪ ነበር። ራዘርፎርድ ለእሱና ለጋይገር የሰጠው ጥያቄ አንድ መስመር ነው። የአልፋ ቅንጣቶች ከብረት ሉህ ላይ ወደ ኋላ የሚመለሱ ይኖራሉ ወይ? ይኖራሉ ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ብልጭታ በዓይን መቁጠር ነው ሥራው። ከ8,000 አንዱ ገደማ ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ አተም ኒውክሊየስ ያለው ሆነ።

ጆስሊን ቤል በርኔል ደግሞ በ1967 የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። የሬዲዮ ቴሌስኮፑን ራሷ ከሠሩት አንዷ ናት፣ ምሰሶ ተክላ ገመድ ዘርግታ። ከዚያ በየቀኑ ወደ 30 ሜትር ወረቀት ይወጣላታል፣ እሱን በዓይኗ ታነባለች። አንድ ቦታ ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል የምትሆን የተዝረከረከች ምልክት አየች። ረብሻ ናት ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እሷ ግን ቀደም ሲል በዚያው የሰማይ ክፍል እንዳየቻት አስታወሰች። ወረቀቱን በፍጥነት ስታስነዳው በየ1.337 ሰከንድ የሚመታ ምት ሆነ። የመጀመሪያው ፑልሳር ነበር፣ እየተሽከረከረ የሬዲዮ ምት የሚልክ ኮከብ።

ያቺ ግማሽ ሴንቲ ሜትርና የልጅቷ የተነሳች የናስትሮ ጫፍ በመጨረሻ ይለያያሉ፣ አንዱ ሰማይ ሆነ፣ አንዱ መስኮት። የተፈተሹበት መንገድ ግን አንድ ነው። ጆስሊንም መጀመሪያ ያደረገችው የመሣሪያ ችግር አለመሆኑን ማጣራት ነው።

ትራንዚት

ስለ ትልልቅ ማሽን ለተባለው እኔም አንድ ልበል። በ1999 ከሌላ ኮከብ ፊት የምታልፍ ፕላኔት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትታይ፣ ካዩት አንዱ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ዴቪድ ሻርቦኖ ነው። ቴሌስኮፑ የ10 ሴንቲ ሜትር ነበር። የቆመው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ኮከቡን HD 209458 ብላችሁ ፈልጉት። ፕላኔቷ በየ3.5 ቀኑ ታልፋለች፣ ስታልፍ የኮከቡን ብርሃን 1.6 በመቶ ገደማ ትቀንሳለች።

ያንኑ ኮከብ እኔም ከመምህሬ ጋር ለካሁት። የመጀመሪያው ሌሊት ደመና። ሁለተኛው ሌሊት ልክ መሀል ላይ ቴሌስኮፑ ሲገለበጥ ኮከቡ የካሜራው ሌላ ቦታ ላይ አረፈና ግራፉ ላይ ደረጃ ሠራ። ያ ደረጃ የፕላኔቷን ያህል ነበር! በሦስተኛው ነው የተሳካው። ሦስት ሰዓት ገደማ የፈጀ ለስላሳ ጎድጓዳ። የማውቀውን ነገር ነው ያየሁት፣ ግን ከዚያ በኋላ ፕላኔት በሚፈልገው በቴስ ሳተላይት የተለቀቁ ዳታዎች ላይ ሌሎች ጎድጓዶችን ስመረምር የትኛው ደረጃ፣ የትኛው ፕላኔት እንደሆነ ዓይኔ መለየት ጀመረ።

ጥርጣሬ

ይኼንን ተቀብያለሁ። እኔ የተሰጠኝ ርዕስ ነበር፣ ጥያቄ አልነበረም። አሁን ነው የገባኝ። እህቴ፣ ታዲያ ያንቺ ጥያቄ ምንድን ነው?

ሦስተኛ_ዓመቷ

ከአማካሪያችን ጋር ተነጋግረን ወስነናል። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ የአየር ግፊት ሲጨምር የሙዮን ቁጥር ይቀንሳል ወይ? በአንድ ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ) ስንት በመቶ? ግፊት ጨመረ ማለት ከላያችን ያለው አየር ከበደ ማለት ነው። አየሩ ሲከብድ ሙዮኖቹ ብዙ ኃይል ያጣሉ፣ ስለዚህ የሚደርሰው ይቀንሳል።

ሁለተኛው ዲቴክተር አልቋል። በመሀላቸው 5 ሴንቲ ሜትር ትተን ደራርበናል። አሁን በደቂቃ 6 ብቻ ነው የሚቆጥረው። ከ60 ወደ 6 ሲወርድ ደነገጥሁ። የማስረከቢያው ቀን ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። ባሮሜትርና ሙቀት መመዝገብ ጀምረናል። አስተያየት ካላችሁ ከመጀመራችን በፊት ንገሩን።

አማካሪ_መምህርት

አትደንግጪ። 6 ትክክለኛ ይመስላል፣ ምክንያቱም 5 ሴንቲ ሜትር ስትለያያቸው ወደ ቀጥታ የሚወርዱትን ብቻ ነው የምትቀበይው። ግን ለያዛችሁት ጥያቄ ይበቃል ወይ? አብረን እናስላ።

በደቂቃ 6 ማለት በቀን 8,640 ነው። የቆጠራ ስህተት የቁጥሩ ካሬ ሥር ነው፣ 93። ይህ 1.1 በመቶ ይሆናል። የምትፈልጉት ነገር ደግሞ በአንድ ሄክቶፓስካል ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ የሚሆን ነው። ግፊቱ በሳምንት ውስጥ በ8 ሄክቶፓስካል ቢለዋወጥ ለውጡ በድምሩ አንድ በመቶ አካባቢ ነው። የአንድ ቀን ስህተትና የምትፈልጉት ነገር እኩል ሆኑ ማለት ነው። በዚህ አያያዝ ሰባት ሳምንት አይበቃችሁም።

ስለዚህ አቀራርቧቸው። ለግፊት ጥያቄ አቅጣጫ አያስፈልግም፣ ቁጥር ነው የሚያስፈልገው። አንዱን በአንዱ ላይ አስተኙት።

የቤተ_ሙከራ_ሰው

ሲያቀራርቡ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሲያስተኙ ናስትሮው እንዳይፋቅ መሀሉ ላይ ስስ ካርቶን አስገቡ። ሁለተኛ፣ በአጋጣሚ ሁለት የተለያዩ ጋማዎች እኩል ቢመቱስ ብላችሁ እንዳትጨነቁ፣ ሊሰላ ይችላል። እያንዳንዱ በሰከንድ አንድ ያህል ይቆጥራል። አርዱዪኖው "እኩል ናቸው" የሚልበት መስኮት 30 ማይክሮ ሰከንድ ነው እንበል። ሁለት ጊዜ አንድ ጊዜ አንድ ጊዜ 0.00003፣ በሰከንድ 0.00006። በቀን አምስት ገደማ። ከሺዎች ውስጥ አምስት ምንም አይደለም። ይህን ስሌት ግን ሪፖርቱ ውስጥ አስገቡት፣ ገምጋሚ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ሌላው ደብተር ነው። ኮምፒውተሩ ይመዘግባል ብላችሁ አትተማመኑ። ማን በሩን ከፈተ፣ መቼ ዲቴክተሩ ተነካ፣ መቼ ገመድ ተነቀለ፣ ሁሉም በእጅ ይጻፍ። በ2011 ኦፔራ የተባለው ትልቅ ሙከራ ኒውትሪኖ የሚባለው ቅንጣት ከብርሃን ቀድሞ ደረሰ ብሎ አስታውቆ ነበር። 730 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በ60 ናኖ ሰከንድ ቀደመ ተባለ። በመጨረሻ ዋናው ምክንያት በደንብ ያልጠበቀ የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ሆነ። እዚያ የነበሩት ብርቱ ሰዎች ናቸው። ውጤቱንም በግልጽ አውጥተው "ስህተታችንን ፈልጉልን" ነው ያሉት። ገመድ ማንንም አይመርጥም።

ተመራቂ

ይቅርታ፣ ከዋናው ጉዳይ ትንሽ ልውጣ። ውጤቱ ጽሑፍ ሆኖ ቢወጣ የማን ስም ነው የሚቀድመው? ይህን የምጠይቀው በእኔ ስለደረሰ ነው። የሠራሁት ዳታ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ወጥቶ ስሜ የምስጋና መስመር ላይ ብቻ አገኘሁት። ማንንም መክሰስ አልፈልግም። ግን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

አማካሪ_መምህርት

ወንድሜ፣ አዝናለሁ። ይህ ነገር ቀድሞ ካልተነገረ ሁሌም ይጎዳል። የኤሌክትሮንን ቻርጅ የለካውን የዘይት ጠብታ ሙከራ ብዙዎቻችን "የሚሊካን" ብለን ነው የተማርነው። ሃርቪ ፍሌቸር የሚባል የዶክትሬት ተማሪ ነበረው፣ ሙከራውን ከሠሩት አንዱ እሱ ነው። የ1910ሩ ጽሑፍ በሚሊካን ስም ብቻ ወጣ። ፍሌቸር ሌላኛውን ጽሑፍ ለመመረቂያው በራሱ ስም ወሰደ። እሱ ራሱ የጻፈው ታሪክ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1982 ነው።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ፕሮጀክቱ በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ከተማሪዎቼ ጋር ቁጭ ብለን አንድ ገጽ እንጽፋለን። ማን ምን ይሠራል፣ ጽሑፍ ከወጣ ስም በምን ቅደም ተከተል ይሆናል፣ ዳታው ማን ጋ ይቀመጣል። ሥራው ከተቀየረ ገጹም ይቀየራል። ተማሪ ይህን ለመጠየቅ ያፍራል። ስለዚህ መጀመሪያ መናገር ያለበት መምህሩ ነው።

ሦስተኛ_ዓመቷ

ይህን ሳነብ ለአማካሪያችን አሳየኋቸው። "ልክ ናት" ብለው ዛሬ ቁጭ ብለን ጻፍነው። የእኔና የክፍሌ ልጅ ስም በፊደል ተራ፣ የእሳቸው መጨረሻ። ቴክኒሻናችንም ይጨመሩ ብዬ ነበር፣ ተጨምረዋል።

ዲቴክተሮቹን አስተኝተናቸዋል፣ መሀሉ ላይ ካርቶን አለ። በደቂቃ 17። በቀን ወደ 24,500 ማለት ነው። አሁን ማንም እንዳይነካው በሩ ላይ ጽፈን ለጥፈናል። በቃ፣ መጠበቅ ነው።

ላፕቶፕ_ብቻ

መጠበቁ ነው ከባዱ። በየቀኑ ግራፉን እያየሽ ቀጥ ያለ መስመር አትፈልጊበት፣ ሐሳብሽ ይጣመማል። እኔ ስሌቱ ሳያልቅ ውጤት አላይም ብዬ ከራሴ ጋር ተስማምቻለሁ።

ሦስተኛ_ዓመቷ

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

በድምሩ 850,000 አካባቢ ሙዮን ቆጥረናል። አንድ ሌሊት ኮምፒውተሩ ራሱን አድሶ ሲነሳ መመዝገቡን አቁሞ የዘጠኝ ሰዓት ዳታ ጠፋ። አልደበቅነውም፣ ሪፖርቱ ላይ ክፍተቱ ይታያል። ሦስት ሰዓታትን ደግሞ ከደብተሩ ላይ አይተን አወጣን፣ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ጠረጴዛው ተንቀሳቅሶ ገመድ ተነቅሎ ነበር። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ቁጥር እውነተኛ መውረድ መስሎ ይገባብን ነበር።

ውጤቱ፦ ግፊት በአንድ ሄክቶፓስካል ሲጨምር ቁጥሩ በ0.13 በመቶ ይቀንሳል፣ ስህተቱ 0.04። መጀመሪያ ስናሰላው ስህተቱ 0.03 ነበር። አማካሪያችን "ሙቀቱስ?" አሉን። ግፊትና ሙቀት አብረው የሚሄዱባቸው ቀናት ነበሩ። ሁለቱን አንድ ላይ አስገብተን ስንሠራው ስህተቱ ወደ 0.04 ሰፋ። የክፍሌ ልጅ "አበላሸነው" አለ። እኔ ግን 0.04ቱን እወደዋለሁ። እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ መናገር እችላለሁ።

ትናንት መምህራንና ተማሪዎች ፊት አቀረብነው። አንዱ መምህር ተነስተው "የቀንና የሌሊት ለውጥ አላያችሁም?" ብለው ጠየቁ። የመጀመሪያውን የስድስት ቀን ግራፍ ለዚሁ ብዬ ይዤው ነበር። አወጣሁት፣ ቀጥሎም የታሸገውን የናስትሮ ፎቶ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ጥያቄው ሁሉ እሱ ላይ ሆነ፣ ስለ ግፊቱ የጠየቀን ሰው ጥቂት ነው።

ጥርጣሬ

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ስህተቱ ሰፍቶ መውደድሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዲቴክተሩ አሁን ምን ይሆናል?

ሦስተኛ_ዓመቷ

ሁለት የሁለተኛ ዓመት ልጆች ይረከቡታል። የእነሱ ጥያቄ አቅጣጫ ነው፤ ከቀጥታ ወደ ጎን ሲዘነበል ቁጥሩ በኮሳይን ካሬ ይቀንሳል ወይ? ስለዚህ መልሰው ያራርቁታል፣ ከ17 ወደ 6 ሲወርድባቸው እንዳይደነግጡ ስሌቱን ጽፌላቸዋለሁ። ደብተሩንም ሰጠኋቸው። ጋሼ፣ ለእነሱ የምጨምረው ነገር ካለ ይንገሩኝ።

የቤተ_ሙከራ_ሰው

ናስትሮውን አስቀይሪያቸው ልጄ፣ አምስት ሳምንት ሞልቶታል። ራሳቸው ይጠቅልሉት። ከዚያ ላቡን አጨልመው በስልክ መብራት ይዙሩት፣ አንቺ አጠገባቸው ሁኚ ግን አትንኪው።